ከንስሩ ሥር የቀረው ቢጫ

ባንዲራ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አልወድም። ሱሪ አምጡ፣ መጋረጃ አምጡ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት አምጡ፣ ቃል ሳልተነፍስ እሰፋለሁ። ባንዲራ ያመጣ ሰው ግን ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ መሄድ አያውቅም፤ ቆሞ ይሰብከኛል። እኔ አሜሪካ፣ ታከር በምትባል ከተማ ልብስ ማስተካከያ የከፈትኩት ልሰፋ ነው እንጂ ልሰበክ አይደለም። ለስብከት እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለኝ፤ እሱም አንዳንዴ ይረዝምብኛል።

ያስመረረኝ የራሴ ሰው ነው። የሐበሻ የኳስ ውድድር በደረሰ ቁጥር ሱቄ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይሆናል። አንዱ ኮከብ ያለበትን ይዞ ይመጣና «ይቺን ነገር አውጪልኝ» ይላል፤ ሰማያዊዋን ክብ በመተርተሪያ ለቅሜ ልሙጡን እሰጠዋለሁ። ሌላው ልሙጡን አምጥቶ «ኮከቡን መልሺልኝ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አንበሳ የሌለበት ነገር ባንዲራ አይደለም ባይ ነው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ሴቶች፣ ልጆቻቸውን ባንድ ቀን ክርስትና ያስነሱ ሴቶች፣ በአንድ ሻርፕ የተነሳ መልበሻ ክፍሌ በር ላይ ተሰዳደቡ። እግዚኦ! «ውጡልኝ፣ ሁለታችሁም ውጡልኝ!» ብዬ መጥረጊያ ይዤ ነው ያስወጣኋቸው።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ አንድ ነገር የተማርኩ መስሎኝ ነበር። ፖለቲካቸው የተለያየ ዘመዶች ባንድ ሠርግ ወይም ባንድ ለቅሶ ሲገናኙ፣ ከመሃላቸው ልባም የሆነው ቀደም ብሎ ይመጣና የባንዲራውን መሃል ያስተረትራል። ልሙጡ ይሰቀላል። ኮከብ ወዳዱም አንበሳ ወዳዱም እያጉረመረመም ቢሆን ከሥሩ ተቀምጦ ይበላል። ስለዚህ ጠቡ ያለው መሃሉ ላይ ነው፣ መሃሉ ከወጣ ቀለሙ የሁሉም ነው ብዬ ደመደምኩ። ቀለሙም የሁሉም እንዳልሆነ የነገሩኝ ሰዎች በኋላ መጥተዋል፤ ያን ጊዜ ግን ገና አልደረሱብኝም።

ከሱቄ ቀጥሎ ያለው ሱቅ የአንድ ስፔናዊ ሽማግሌ ነበር። ጫማ ያድሳል፣ ቁልፍ ይቀርጻል፣ ሰው ያስቀይማል። በዕድሜው አንቱ የሚባል ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ግን አንቱ የለውም፣ ይሄ ደግሞ በጣም ተመችቶኛል። የመጀመሪያ ጠባችን በፓርኪንግ ነበር። እውነት ለመናገር የኔ ደንበኞች ፓርክ ሲያደርጉ መስመር አይታያቸውም፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ማታ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የሚጠብቀው ይሄንኑ ነው። ብቅ ይልና የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ እየደበደበ ይጮሃል። እኔም ብቅ እላለሁ። የሱቆቹ ግቢ በሙሉ ያውቀናል።

ሁለተኛው ጠባችን በፈረንጆቹ 2010 ስፔን የዓለም ዋንጫ የወሰደች ጊዜ ነው። አልጋ ልብስ የሚያህል ባንዲራ አምጥቶ ከበሩ በላይ ሰቀለ፤ ነፋስ ሲነካው ጫፉ የኔን የሱቅ ስም ይሸፍናል። አውርድ አልኩት። «አገርሽ ዋንጫ የወሰደች ቀን አንቺም ትሰቅያለሽ፤ ያን ቀን እኔ አልኖርም፣ አንቺም አትኖሪም» አለኝ። ደሜ ፈላ። በዲቪ ሎተሪ እንደመጣሁ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ «ደግሞ የሎተሪ ሰው» ብሎ ጨመረልኝ። «ድንቄም! አንተስ ማን ጠርቶህ መጣህ?» አልኩት። ሲመሽ ተሰዳድበን ወደየቤታችን ሄድን።

ይቅርታ የጠየቀችኝ ልጁ ናት። እናቷ ሞታባታለች፤ አንድ ልጅ ነች፣ እዚሁ አጠገባችን ዲኬተር ከተማ ታስተምራለች። በማግስቱ መሰላል ላይ ወጥታ ባንዲራውን ወደ አባቷ በኩል ሳበችውና ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ካየሽው አይቀር ላስረዳሽ አለችና አስረዳችኝ። ቀዩንና ቢጫውን የመረጠ አንድ የጥንት ንጉሥ ነው አለች፤ መርከቦቹ ባሕር ላይ ከጠላት መርከብ ጋር እንዳይምታቱ፣ ከሩቅ የሚታይ ቀለም ፈልጎ። ቢጫው የአንዱ ቀይ እጥፍ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ጋሻ ውስጥ ግንቡ የአንድ ግዛት፣ አንበሳው የሌላ ግዛት፣ ቀይና ቢጫ መስመሮቹ የሌላ፣ ሰንሰለቱ የሌላ ነው። ከታች ሮማን አለች፣ እሷም ግዛት ናት። በግራና በቀኝ የቆሙት ዓምዶች ድሮ የዓለም መጨረሻ ይባሉ ነበር፤ የተጠመጠመባቸው ጥብጣብ ደግሞ በላቲን «ከዚያም ወዲያ» ይላል። እንዴ! መንደር በመንደር ተሰብስበው አንድ ጋሻ ላይ ታጭቀዋል ማለት ነው።

«መዝሙራችን ደግሞ ግጥም የለውም» አለችኝ እየሳቀች። «ዜማ ብቻ ነው። ኳስ ተጫዋቾቹ አፋቸውን ዘግተው ነው የሚቆሙት። ግጥም ሞክረው ነበር፣ መስማማት አልቻሉም።»

«ታድላችኋል!» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኳት።

ልጅቷን ወደድኳት፤ አባቷን መጥላቴ ግን አልቀነሰም። እንዲህ እየተናከስን ዓመታት አለፉ። በፈረንጆቹ 2017 ልጅቷ ታጨች። እጮኛዋ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር አንድ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት የሚሠራ የባርሴሎና ልጅ ነው፤ ካታላን ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ላይ ምንም አላለም፤ እንዲያውም የእጮኛዋን ጫማ በነጻ ሶል ቀየረለት፣ ለሱ ትልቅ ነገር ነው። ኋላ ኦክቶበር ላይ የልጁ ግዛት ካታሎንያ ከስፔን ልገንጠል ብላ ድምፅ ስትሰጥ፣ ፖሊስ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሰው ሲጎትትና ሲደበድብ በቴሌቪዥን ታየ። ሽማግሌው ሱቁ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ይጮሃል። እኔ ሱሪ እየቀመቀምኩ እሰማዋለሁ። መገንጠል የሚባለውን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው፣ እኛ አንቀጽ ሠላሳ ዘጠኝ አለን፤ እነሱ ያም የላቸው፣ ምን እንደሚያጯጩሃቸው አልገባኝም።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሽማግሌው በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። በዚያ ሁሉ ዓመት የኔን በር አልፎ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ያው የነሱ ባንዲራ ነው፣ ግን ያረጀ፣ ወፍራም ሱፍ፣ ፀሐይ የጠጣው። ጠርዙ ተበልቷል። መሃሉ ላይ በሁለቱም ገጽ ጥቁር ንስር በሰፊው ተለጥፎ ተሰፍቷል፤ ጋሻውን ደረቱ ላይ አቅፏል፣ በራሱ ዙሪያ የቅዱስ አክሊል አለው። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ዐወቅኩት! ገጸ ንስር፣ የወንጌላዊው የዮሐንስ። «ይሄማ የዮሐንስ ነው» አልኩት። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ። «ነው» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አናገረኝ።

ከንስሩ እግር ሥር ግን ቀንበር አለ። ቀንበር! የበሬ ቀንበር፣ ከጎኑ ደግሞ በአንድ ላይ የታሰሩ ፍላጻዎች። ባንዲራው ላይ ቀንበር የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩ በልቤ። አባቱ ወታደር ነበር አለኝ። ይሄ ባንዲራ የአባቱን የሬሳ ሣጥን ያለበሰ ነው። ጠርዙን ቀምቅሚልኝ፣ ሠርጉ ላይ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ይሰቀላል አለ። «ይሄ ካልተሰቀለ አባቴ እዚያ የለም። አባቴ ከሌለ እኔም የለሁም።» ይሄን ብሎኝ ወጣ።

ልጅቷ ሲነገራት እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ንስሩ የዮሐንስ ነው፣ ግን ጥንት ከነበረበት አንስቶ ባንዲራው ላይ ያስቀመጠው ወደ አርባ ዓመት የገዛቸው ጄኔራል ነው አለችኝ። በርስ በርስ ጦርነት አሸንፎ የመጣ። ከሱ በፊት አገሪቱ ያለ ንጉሥ ስትኖር የታችኛው ቀይ ወይን ጠጅ ነበር፤ እሱ ወይን ጠጁን አስወገደ፣ ንስሩን አመጣ፣ ከንስሩ ራስ በላይ ደግሞ «አንድ፣ ታላቅ፣ ነጻ» ብሎ ጻፈበት። እሱ ሞቶ ጥቂት ቆይቶ ንስሩን አወረዱት፤ ዛሬ እሱን ይዞ የሚወጣ ሰው ምን ለማለት እንደፈለገ ሁሉም ያውቃል። የሙሽራው አያት በዚያ ንስር ዘመን በተከለከለው ቋንቋቸው ወረቀት በማተማቸው ታስረዋል። የሙሽራው እናት ይሄን የተሰቀለ ካየች አዳራሹ በር ላይ ትመለሳለች።

«አባቴ ክንዴን ይዞ እንዲያስገባኝ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ሌላ ከሠርጉ ምንም አልፈልግም። ከተሰቀለ እነሱ አይገቡም፣ ካልተሰቀለ እሱ አይገባም።»

አንጀቴን በላችው። ያውም ይሄ ለኔ ቀላል ሥራ ነው፤ በየበጋው የምሠራው። «መሃሉን አወጣዋለሁ» አልኳት። «ጨርቁ ያው የአያትሽ ጨርቅ ነው፣ ሣጥኑን ያለበሰው ነው። ንስሩ ብቻ ይወጣል። ልሙጡ ላይ ማንም አይጣላም።» ንስሩ ለብቻው ይቀመጥለታል፣ አይጣልም አልኳት። በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀች።

መተርተሪያዬን አንስቼ ገባሁበት። የድሮ ሰው አሰፋፍ ነው፣ በጥቅጥቅ ክር፣ ጣቴ ደማ። አንዱን ገጽ አወጣሁ፣ ገለበጥኩ፣ ሌላውን አወጣሁ። ከዚያ ጨርቁን ቀና አድርጌ ብርሃን ላይ ስይዘው ክው አልኩ። ቢጫው በፀሐይ ደብዝዞ ገለባ መስሏል፤ ከንስሩ ሥር የነበረው ቢጫ ግን ትናንት የተነከረ ይመስላል። ክንፉ፣ አንገቱ፣ ምንቃሩ፣ ቁጭ ብሎ ይታያል። እንዲያውም ከመውጣቱ በፊት እንደዚህ ጎልቶ አልታየም። የኛ ሰው የሚያመጣልኝ ባንዲራ ለዓመቱ ተገዝቶ ለዓመቱ የሚጣል ፖሊስተር ነው፤ ከሥሩ የሚደበቅ ቀለም የለውም። ይሄን ማን አሰበው? በእንፋሎት ተኮስኩት፣ አጠብኩት፣ ምንም የለም።

ሽማግሌው ሊወስድ ሲመጣ ልጅቷ አብራው መጣች፣ እሷ ልታስረዳው። አላስደረሳትም፤ ዘርግቶ አየው። ጣቱን ደማቁ ቢጫ ላይ አድርጎ በክንፉ ዙሪያ ቀስ እያለ ሄደበት።

«የት ነው?» አለኝ።

ሁለቱን ንስሮች በፌስታል ሰጠሁት። ወረቀት አልነበረኝም፣ ምን ላድርግ? ፌስታሉን ሲያይ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ተዘጋጅቼም ነበር። እሱ ግን አንዱን ንስር ከፌስታሉ አውጥቶ ጋሻው ላይ ያሉትን ቀይና ቢጫ መስመሮች ለልጅቷ ያሳያት ጀመር። እኔም እንድሰማ በእንግሊዝኛ ነው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ? የእጮኛሽ አገር ናቸው። ባርሴሎና በየበረንዳው የሚሰቅሉት ይሄንኑ ነው። ባንዲራዬ ላይ ነበሩ፣ ደረቱ ላይ አቅፏቸው ነበር። እኔ አባረርኳቸው? አንቺና ይቺ ሴትዮ ናችሁ የቆረጣችኋቸው።»

ወይ ጉድ! እውነቱን ነው። በዚያ ጨርቅ ላይ የሙሽራው ወገን የሆነ ነገር ቢኖር ያ ጋሻ ብቻ ነበር፤ እኔ ሰላም አወርዳለሁ ብዬ እሱኑ ነቅዬዋለሁ። ግን በሱ ፊት ይሄን የማምን መሰላችሁ? «አቅፎ ነው ወይስ ጠፍሮ?» አልኩት። «ከሥሩ ቀንበር አድርጎ የሚያቅፍ አይቼ አላውቅም።»

ልጅቷ እያለቀሰች፣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ አለች። ከዚያም ያልነገረችኝን ተናገረች። የሙሽራው እናት ልሙጡንም አልፈልግም ብላለች። ያ ቀይና ቢጫ እኮ በቴሌቪዥን የታዩት ፖሊሶች ልብስ ላይ ያለው ነው፤ ንስር ኖረው አልኖረው ለሷ ያው ነው። ልጅቷ ይሄን የሰማችው እኔ ተርትሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ታዲያ ምንም ባንዲራ አይሰቀልም ብላ ወስናለች። «ምንም አይሰቀልም፣ አንተ ብቻ ና አባዬ» አለችው።

ሽማግሌው ባንዲራውን በአንሶላው ጠቀለለና «አልመጣም» አለ። እኔም «አባትህ ሞቷል፣ ልጅህ በሕይወት አለች፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ?» አልኩት። ተጸጽቼ ይሄን የምጽፍ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ንስር ዛሬም ቢያመጣልኝ እተረትረዋለሁ። ያናደደኝ ጨርቅ መሆኑ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው፣ የኔም የሱም፣ ጨርቅ ላይ ቁጭ ብሎ ልጁን አሳልፎ ሲሰጥ ማየት አንገፍግፎኛል።

ሠርጉ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኬተር ነበር። እኔም ተጠርቻለሁ፤ ሱቄን ዘግቼ ልሄድ ስወጣ የሱ ሱቅ ክፍት ነው። በመስታወቱ አየሁት። ሙሉ ጥቁር ልብስ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ጫማው ያብለጨልጫል። ከቁልፍ መቅረጫው ጀርባ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሏል። ገባሁበት።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ።

ምንም አይደለም፤ ሰው እንዲለምነው ነው የሚጠብቀው። የኛም ሽማግሌዎች እንዲሁ ናቸው፣ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠው ሽምግልና ይጠብቃሉ። አማላጅ ሆኜ ልቆም ነው ማለት ነው፣ ለዚህ ሰው! ደሞ ሞከርኩ፣ በልጅህ ሞት አልኩት፣ ለሷ ስትል አልኩት፣ እኔ እነዳሃለሁ ተነስ አልኩት። ግድግዳውን ያያል። በዚህ መሃል የኔ ስልክ ጮኸ፤ ልጅቷ ናት። አዳራሹ በር ላይ ቆማለች፣ ሰው ሁሉ ገብቷል፣ አባቴ እዚያ ነው ወይ አለችኝ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ፊቱ ደቀንኩት።

«አባዬ?» አለች በቋንቋቸው። እሱን ለመረዳት ስፓኒሽ አይጠይቅም።

አልመለሰላትም። «መልስላት!» ብዬ ጮህኩበት። ልጅቷ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሳ ስሙን ሳትጠራ ለኔ ተናገረች፣ «ልገባ ነው በይው። የያዘኝ ሰው የለም። የሙሽራው አባት እኔ ልያዝሽ አሉኝ፣ እንቢ አልኩ፤ የሱን ቦታ ለማንም አልሰጥም።» ስልኩ ተዘጋ። ሁሉንም በጆሮው ሰምቷል።

የተነሳ መሰለኝ። አልተነሳም። ከረባቱን ላላ አደረገው። ቀሚሷን ያጠበብኩላት እኔ ነኝ፣ ያውቃል፤ ለልክ ስትመላለስ በመስታወቱ ያየን ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑ ውሃ ሞልቶ፣ «ቀሚሷ ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ሄደህ እይ» አልኩት።

«ንገሪኝ» አለ።

አልነገርኩትም፤ በሩን በላዩ ላይ ዘግቼ ወደ ዲኬተር ሄድኩ። ልጅቷ በዓመቱ ከባሏ ጋር ባርሴሎና ገባች። ሽማግሌው ሱቁን እስከዘጋበት ቀን ድረስ ሥራ ሲቀዘቅዝ ብቅ እያለ ያንኑ የቀሚሷን ነገር ይጠይቀኝ ነበር። ደውለህ ጠይቃት እለዋለሁ። አልደወለም፤ እኔም አልነገርኩትም።